መርፌውና ክኒኑ



በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጉርብትናና ስለ ቤት ውስጥ ሰላም ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል። የዛሬው ነገራችን ግን ከወትሮው ይከብዳል። ይኸውም ቀድሞ ነቀርሳ፣ አሁን በብዙው ሰው አፍ ካንሰር የሚባለው ሕመም ከአንድ ቤት በገባ ጊዜ፣ ቤተ ሰቡ ስለ መድኀኒቱ እንዴት መምከርና እንዴት መጠበቅ እንደሚገባው ነው። ነገሩን ከመጻሕፍት ብቻ አላገኘነውም፤ ከገዛ ቤታችን ገብቶ ያስተማረን ነው። ትምህርቱም ጥቂት ዋጋ አስከፍሎናልና፣ ሌላው ቤት ያለ ዋጋ እንዲያገኘው ብለን እንጽፈዋለን።

ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር፣ በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩት አክስታችን፣ የእናታችን ታናሽ እኅት፣ በትልቁ አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘባቸውና አዲስ አበባ መጥተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ዕጢውም ከነበቀለበት የአንጀት ክፍል ጋር ተቆርጦ ወጣ። ነገር ግን አብረው ከወጡት ንፍፊቶች በሁለቱ ውስጥ የነቀርሳው ሕዋስ ስለ ተገኘ፣ ሐኪሙ፣ «ቁስሉ ቢሽርም ሥራችን አላለቀም። በዓይን የማይታይ ቅሪት ቢኖር እንዳያንሰራራ ለስድስት ወር ያህል የኬሞቴራፒ መድኀኒት ያስፈልጋል» አሉን። ቀጥለውም፣ «መድኀኒቱ በሁለት መንገድ ይሰጣል፤ በደም ሥር በመርፌ፣ ወይም በአፍ በክኒን። ለእርስዎ ሁለቱም ይሆናሉ። ተመካከሩና ንገሩኝ» ብለው አሰናበቱን።

በሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቤተ ሰቡ በእኛ ቤት ተሰበሰበ። የአክስታችን ታላቅ ልጅ ገና ቡናው ሳይቀዳ፣ «እናቴ በክኒን አትታከምም! ክኒን ለራስ ምታት ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሕመም መርፌ ነው እንጂ» አለ። ታናሽ እኅቱ ደግሞ፣ «ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በቀዶ ሕክምና የደከመች የሰባ አንድ ዓመት ሴት በየሳምንቱ በአውቶቡስ ስትንገላታ ልታይ ነው?» ብላ መለሰችለት። ቃል ቃልን እየወለደ ነገሩ ወደ ጠብ ሲያመራ፣ አክስታችን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እኔን የሚያስፈራኝ መርፌውም ክኒኑም አይደለም። የሚያስፈራኝ በእኔ ምክንያት እንዳትቀያየሙ ነው» አሉ። ወደ እኛም ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አንተ ጠይቅልን» አሉን።

እኛ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለንም። አስተማሪ ግን ቢያንስ ጥያቄ መጻፍ አያቅተውም። ስለዚህ ከተማሪ ደብተር ላይ አንድ ገጽ ገንጥለን ሰባት ጥያቄዎች ጻፍን፤ ይዘናቸውም ከሐኪሙ ዘንድ ተመለስን። እሳቸውም በትዕግሥት መለሱልን። ከዚያም በኋላ እየጠየቅንና እያነበብን ያገኘነውን በዚህ እናቀርባለን።

በመርፌ የሚሰጠው መድኀኒት ፍሎሮዩራሲል ይባላል። ዕድሜው ከብዙዎቻችን ዕድሜ ይበልጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 አንዳንድ ተመራማሪዎች በአይጥ ጉበት ላይ የበቀለ ዕጢ፣ ዩራሲል የተባለውን ንጥረ ነገር ከጤናማው የጉበት ክፍል ይልቅ አብዝቶ እንደሚወስድ አስተዋሉ። ዩራሲል ሕዋስ ለመባዛት ከሚያስፈልጉት ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ነው። በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቻቸው ይህን መነሻ አድርገው፣ ከዩራሲል ላይ አንዱን የሃይድሮጅን አቶም አንሥተው በቦታው የፍሎሪን አቶም ተኩበት፤ ሥራቸውንም በ1957 አስታወቁ። የነቀርሳው ሕዋስ ስንዴ መስሎት እንክርዳዱን ይውጣል ማለት ነው። ከዋጠው በኋላ ዲ.ኤን.ኤ. ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ ይዘጋበታል፤ መባዛት አቅቶትም ይሞታል።

ታዲያ ይህ መድኀኒት ለምን በአፍ አይዋጥም? ተሞክሮ ነበር። ነገር ግን በአንጀት ግድግዳና በጉበት ውስጥ ይህን መድኀኒት የሚሰባብር፣ በአጭሩ ዲ.ፒ.ዲ. የተባለ ኢንዛይም አለ። የኢንዛይሙ ኀይል ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መጠን ከዋጡ ሁለት ሰዎች፣ በአንደኛው ደም ውስጥ ብዙ፣ በሌላው ደም ውስጥ ጥቂት ይገኛል። ሐኪም ምን ያህሉ ከደም እንደሚደርስ ሳያውቅ መርዝነት ያለውን መድኀኒት ሊያዝ አይችልም። ስለዚህ ፍሎሮዩራሲል በደም ሥር ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ቀረ።

በደም ሥር ቢሰጥም እንኳ ከሰውነት ቶሎ ይጠፋል፤ በደም ውስጥ ያለው ግማሹ እስኪጠፋ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚህም የተነሣ ሐኪሞች ሁለት ዘዴ አላቸው። አንደኛው፣ በተከታታይ 5 ቀን በየቀኑ በአጭር ጊዜ በደም ሥር መስጠትና በየ28 ቀኑ መድገም ነው። ሁለተኛው፣ በወገብ በምትታሰር ትንሽ መርጫ አማካይነት፣ 46 ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ በቀስታ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ለዚህ ለሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከደረት በላይ ወደ ትልቁ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ ያስፈልጋል። ቱቦው ሕሙሙን በየጊዜው ከመወጋት ያድነዋል፤ ነገር ግን እንዳያመረቅዝና ደም እንዳይረጋበት ጥበቃ ይፈልጋል።

ክኒኑ ደግሞ ካፔሲታቢን ይባላል። የተቀመመው በጃፓን አገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የመድኀኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1998 ለጡት ነቀርሳ፣ በ2001 ለተሰራጨ የትልቁ አንጀት ነቀርሳ፣ በ2005 ደግሞ እንደ አክስታችን ላሉት፣ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ለወጣላቸው ሰዎች ፈቀደው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ከመሠረታውያን መድኀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

የክኒኑ ጥበብ እንዲህ ነው። ካፔሲታቢን እንደ ታሸገ ደብዳቤ ሆኖ የአንጀቱን ግድግዳ ሳይከፈት ያልፋል። ከዚያም ሦስት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ይከፍቱታል። የመጀመሪያው በጉበት ውስጥ፣ ሁለተኛው በጉበትና በዕጢው ውስጥ ይሠራሉ። የመጨረሻውን ማኅተም የሚፈታው ሦስተኛው ኢንዛይም ብዙ ጊዜ ከጤናማው ሥጋ ይልቅ በዕጢው ውስጥ ይበዛል። ማኅተሙ ሲፈታ ከውስጥ የሚወጣው ሌላ ነገር አይደለም፤ ያው በ1957 የታወቀው ፍሎሮዩራሲል ነው። ይህን በሰማ ጊዜ ያ ታላቁ ልጅ ዝም አለ። ክኒኑ ከመርፌው ያነሰ የመሰለው፣ መርፌው ራሱ ልብስ ለውጦ እንደ መጣ ስላላወቀ ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩ በሐሳብ ብቻ የሚታመን አይደለም፤ በሰው ላይ መመዘን ነበረበት። ተመዝኗልም። በ2005 ውጤቱ የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት፣ ሕመማቸው ወደ ንፍፊት ደርሶ ዕጢው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 1,987 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ክኒኑን፣ ግማሾቹ ሉኮቮሪን ከተባለው አጋዥ ጋር መርፌውን ለ24 ሳምንት ወሰዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕመሙ ሳይመለስባቸው በሕይወት የተገኙት፣ ክኒኑን ከወሰዱት 64.2 በመቶ፣ መርፌውን ከወሰዱት 60.6 በመቶ ነበሩ። አጥኚዎቹም ክኒኑ ቢያንስ ከመርፌው እንደማያንስ አረጋገጡ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ክኒኑ የተመዘነው ከአምስቱ ቀን መርፌ ጋር እንጂ ከ46ቱ ሰዓት መርጫ ጋር አልነበረም።

የመንገዱንም ድካም አስልተን ነበር። የአምስቱ ቀን መርፌ በስድስት ዙር ሲሰጥ 30 ቀን ከሆስፒታል መገኘትን ይጠይቃል። ክኒኑ 14 ቀን ተወስዶ 7 ቀን ስለሚታረፍበት፣ በ24ቱ ሳምንት ውስጥ 8 ዙር ይሆናል፤ በየዙሩ መጀመሪያ ለምርመራ መቅረብ ይበቃል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል ሊመስል ይችላል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ፣ የዘመድ ቤት ለሚያጣብብና የአልጋ ኪራይ ለሚከፍል ሕሙም ግን ሕክምናውን በመፈጸምና አቋርጦ በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ከሰባቱ ጥያቄዎቻችን አንዱ፣ «ክኒን ከተመረጠ መርፌ ጨርሶ ይቀራል ወይ?» የሚል ነበር። ሐኪሙ ሲመልሱ፣ ለብዙ ሕሙማን ኦክሳሊፕላቲን የተባለ ሌላ መድኀኒት አብሮ እንደሚታዘዝ፣ እሱም በደም ሥር ብቻ እንደሚሰጥ ነገሩን። እንዲህ ሲሆን ክኒን የመረጠውም ሰው በየሦስት ሳምንቱ አንድ ቀን ከመርፌው አያመልጥም፤ መርፌ የመረጠው ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ መርጫውን ታጥቆ ይመለሳል። ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ለዘለለ ሰዎች ኦክሳሊፕላቲን መጨመሩ የሚሰጠው ጥቅም አጠያያቂ ስለ ሆነ፣ ለአክስታችን አንዱ መድኀኒት ብቻውን በቂ ነው አሉ።

ስለ ጉዳቱም ጠይቀናል። መድኀኒቱ ነቀርሳውን ብቻ መርጦ አይመታም፤ ቶሎ ቶሎ የሚታደሰውን የአፍ፣ የአንጀትና የደም ሕዋስ ሁሉ ይነካል። በዚያው ጥናት መርፌውን ከወሰዱት 60 በመቶው አፋቸው ሲቆስል፣ ከባለ ክኒኖቹ የቆሰሉት 22 በመቶ ናቸው። ተቅማጥ በመርፌው 65 በመቶ፣ በክኒኑ 47 በመቶ ታየ። የፀጉር መሳሳትም በመርፌው 22፣ በክኒኑ 6 በመቶ ነበር። በአንድ ነገር ግን ክኒኑ ይብሳል። መዳፍና ውስጥ እግር ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይላላጣል፤ ይህም በመርፌው 9 በመቶ ሲሆን በክኒኑ 60 በመቶ ላይ ደረሰ። ይህን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ክኒኑ የማይስማማቸውም አሉ። ኩላሊቱ እጅግ የደከመ ሰው አይወስደውም፤ በመጠኑ የደከመ ደግሞ መጠኑ ይቀነስለታል። መዋጥ የማይችል፣ ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው፣ ወይም የሚያስታውሰው ሰው በአጠገቡ የሌለው ዝንጉ ሕሙም መርፌው ይሻለዋል። ክኒኑ ዋርፋሪን ከተባለው የደም ማቅጠኛና ፌኒቶይን ከተባለው የሚጥል በሽታ መድኀኒት ጋር ሲገናኝ የእነዚያን ኀይል ከልክ በላይ ያበረታል። ፎሊክ አሲድ ያለበት የቪታሚን ክኒን ደግሞ የካፔሲታቢንን ጉዳት ያከብደዋል። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ፣ የሀበሻ መድኀኒትም ቢሆን፣ ለሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው።

ለሁለቱም መንገድ የጋራ የሆነ አንድ ሥጋት አለ። አስቀድመን የጠቀስነው ዲ.ፒ.ዲ. የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮው እጅግ ያነሰበት ወይም የሌለው ሰው፣ መርፌም ቢወጋ ክኒንም ቢውጥ መድኀኒቱን ከሰውነቱ ማስወገድ ስለማይችል ለሞት በሚያደርስ ጉዳት ላይ ይወድቃል። የአውሮፓ የመድኀኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይህ እንዲመረመር መክሯል። ምርመራው በማይገኝበት ስፍራ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ውስጥ የሚታየውን ከባድ ተቅማጥ፣ የአፍ ቁስልና ትኩሳት ሳይውሉ ሳያድሩ ማስታወቅ ያሻል።

ይህ ሁሉ ከተነገረ በኋላ የኩላሊታቸው ምርመራ ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ፣ አክስታችን ክኒኑን መረጡ። ታላቁ ልጅም ፊቱ ባይፈታ እሺ አለ። የመድኀኒቱ መጠን በአካል ገጽ ስፋት ስለሚሰላ፣ ለእሳቸው ጠዋት 2,000 ማታ 2,000 ሚሊ ግራም ታዘዘ። ይህም ባለ 500ው ክኒን አራት ጠዋት፣ አራት ማታ፣ በ14 ቀን 112 ክኒን መሆኑ ነው። የእሳቸውን መጠን የጻፍነው ለምሳሌ ነው፤ የአንዱ መጠን ለሌላው አይሆንም።

በሐምሌ አጋማሽ ተጀመረ። ሁለተኛው ዙር ግን ከፍልሰታ ጾም ጋር ተገናኘ። ክኒኑ ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ፣ በ12 ሰዓት ርቀት መዋጥ አለበት። አክስታችን ከልጅነታቸው ጀምሮ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የኖሩ ናቸውና በባዶ ሆድ ሊውጡት አሰቡ። ልጃቸው ወደ ንስሐ አባታቸው ወሰደቻቸው። እሳቸውም፣ «ጾም ለጤነኛ ታዘዘ፤ የታመመ ሰው በሥርዓት የተፈታ ነው። እርስዎ ጠዋት በልተው መድኀኒትዎን ይዋጡ፤ ጾሙን እኛ እንጾምልዎታለን» አሏቸው። እኛም ለአንባብያን የምንለው ይህንኑ ነው። የጾምን ነገር ለብቻ ከመወሰን ከንስሐ አባት ጋር መማከር፣ ጠበል ለመሄድ ሲታሰብም ለሐኪም ነግሮ መሄድ እንጂ ክኒኑን በስውር ማቋረጥ አይገባም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ደረስን።

በጳጉሜን ወር፣ በሦስተኛው ዙር መካከል፣ አክስታችን ለዘመን መለወጫ የሚሆን ገንዘብ ለማውጣት ከልጃቸው ጋር ወደ ባንክ ሄዱ። እሳቸው የሚፈርሙት በጣት አሻራ ነው። አውራ ጣታቸውን ከመሣሪያው ላይ ቢያደርጉ መሣሪያው አላወቃቸውም። ሌላውን ጣት ቢሞክሩም እንዲሁ ሆነ። ልጃቸው ጣቱ ርሶ ይሆናል ብላ ልትጠርገው እጃቸውን ገልበጥ ብታደርግ፣ መዳፋቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ቆዳው ተላልጦ፣ በጣታቸው ጫፍ ላይ አንዲት የአሻራ መስመር እንኳ አልቀረም። ቤት ገብታ ካልሲያቸውን ብታወልቅ እግራቸው ከእጃቸው የባሰ ሆኖ አገኘችው።

በኋላ እንዳነበብነው ይህ በሌላም አገር የደረሰ ነው። በ2009 አናልስ ኦፍ ኦንኮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት፣ ይህንኑ ክኒን ይወስዱ የነበሩ አንድ የሲንጋፖር ሕሙም ወደ አሜሪካ ሲገቡ አሻራቸው ስላልተገኘ ለሰዓታት መያዛቸው ተጽፏል። ዛሬ ባንኩም መታወቂያውም በአሻራ በሆነበት ዘመን፣ ክኒኑን የሚወስድ ሰው ከሐኪሙ ማስረጃ ወረቀት ቢይዝ መልካም ነው።

ልጃቸው እያለቀሰች፣ «እማዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው? ለምን አልነገርሽኝም?» ብትላቸው፣ ከፍልሰታ መጨረሻ ጀምሮ እንደ ሆነ፣ ምጣድ ፊት መቆም ካቃታቸው፣ ጀበና ማንሣት ከከበዳቸው ሦስት ሳምንት እንዳለፋቸው ተናገሩ። የደበቁበትን ምክንያት ግን ለእኛ ነው የነገሩን። «ብናገር ወንድሟ ‹እኔ መርፌ ብዬ አልነበረም ወይ?› ይላታል፤ እሷም መልስ ታጣለች። ቤቴ በእኔ በሽታ ሁለት ከሚሆን መዳፌ ቢላጥ ይሻላል ብዬ ነው» አሉን።

ሐኪሙ በስልክ እንደ ሰሙ ክኒኑ በዚያው ሰዓት እንዲቆም አዘዙ። ከዚያም መዳፋቸውን አይተው፣ «የተዉት ክኒን ሕክምናውን አያበላሽም፤ የደበቁት ቁስል ግን ያበላሻል» አሏቸው። የተዘለለውን ክኒን በኋላ ደርቦ መዋጥ እንደማይገባም አስጠነቀቁ። ቁስሉ እስኪሽር ተጠብቆ፣ የሚቀጥለው ዙር ከቀድሞው መጠን ሦስት አራተኛው ብቻ ተሰጣቸው። ቅባት በየቀኑ እንዲቀቡ፣ ከሙቅ ውሃና ከእሳት ፊት እንዲርቁ፣ ሰፊ ጫማ እንዲያደርጉ ተነገራቸው።

እኛም ራሳችንን መረመርን። ሰባት ጥያቄ ጽፈን ነበር፤ ስምንተኛውን ግን ዘነጋነው። ስምንተኛው ጥያቄ፣ «ማን ይጠብቃታል?» የሚል መሆን ነበረበት። መርፌው ጠባቂ አለው። ሕሙሙ ለመወጋት በቀረበ ቁጥር ነርሷ ትመዝነዋለች፣ ደሙ ይመረመራል፣ አፉና መዳፉ ይታያል፤ ያልተመቸ ነገር ካለ መድኀኒቱ ሳይሰጥ ይቆያል። ክኒኑ ግን ከቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንንም አይጠይቅም። ሕሙሙ ቢታመምም ባይታመምም ሰዓቱ ሲደርስ ይዋጣል። ስለዚህ ክኒኑን የመረጠ ቤት መርፌውን ብቻ አይደለም የተወው፤ የነርሷንም ሥራ ተረክቧል። እኛ መድኀኒቱን ስንረከብ ሥራውን አልተረከብንም ነበር።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን ለሌላው ቤት እንዲጠቅም በቅደም ተከተል እንጽፋለን።

አንደኛ፤ አንድ ደብተር ተገዛ። በየቀኑ ጠዋትና ማታ የተዋጠው ክኒን፣ የተበላው ምግብ፣ የሰገራው ብዛት፣ የአፍና የመዳፍ ሁኔታ ይጻፍበታል። ደብተሩን ለመያዝ በራሱ ፈቃድ የተነሣው ያ መርፌን የመረጠው ታላቁ ልጅ ነው። የእናቱን ምክንያት ከሰማ ወዲህ «እኔ ብዬ አልነበረም ወይ» የምትለዋ ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም።

ሁለተኛ፤ ክኒኑን ሳይውጡ ወዲያው ወደ ሐኪም መደወል የሚገባባቸው ምልክቶች በግድግዳ ላይ ተለጠፉ። እነሱም፦ ከወትሮው በአራት የበለጠ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ማስመለስ፤ መብላት የሚከለክል የአፍ ቁስል፤ የሚያም ወይም ሥራ የሚያስፈታ የመዳፍና የእግር መቅላት፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፤ የደረት ውጋት ናቸው። ትኩሳቱና የደረት ውጋቱ ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አይጠበቅባቸውም።

ሦስተኛ፤ የተረሳ ክኒን ይዘለላል እንጂ ከሚቀጥለው ጋር አይደረብም። ክኒኑ በውሃ ሙሉውን ይዋጣል፤ አይሰበርም፣ አይፈጭም። ሌላው የቤት ሰው ቢነካው በጓንት ይሁን፤ ነፍሰ ጡር ግን ጨርሳ አትንካው። ከልጆችም ዓይንና እጅ ይራቅ።

አራተኛ፤ ሕሙሙ «ደኅና ነኝ» ስላለ ብቻ አይታመንም። በየሦስት ቀኑ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በብርሃን የሚያይ አንድ ሰው ይመደብ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም ያሉት ለሌላው ሕመም ብቻ አይደለም፤ ከመድኀኒቱ ለሚመጣውም ሕመም ነው። ችሎ ዝም ማለት በብዙ ስፍራ ምስጋና ያገኛል፤ በዚህ ስፍራ ግን ሐኪሙን ዕውር ያደርገዋል።

እንግዲህ መርፌው ይሻላል ወይስ ክኒኑ ተብለን ብንጠየቅ፣ የምንመልሰው እንዲህ ነው። በኀይላቸው ዘመድ ናቸው፤ በሚያደርሱት ጉዳት ይለያያሉ፤ በይበልጥ የሚለያዩት ግን በጠባቂያቸው ነው። በ1997 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት ከ103 ሕሙማን 92ቱ ክኒን እንደሚመርጡ አሳይቷል፤ ከሕሙማኑ የሚበዙት ግን ለምቾት ሲሉ የመድኀኒቱ ኀይል እንዲያንስ አልፈቀዱም። ልክ ናቸው። እኛም በበኩላችን አንድ ነገር እንጨምራለን። ክኒኑን ከመምረጣችሁ በፊት ቤታችሁን እዩ። የሚጽፍ፣ የሚያይ፣ የሚደውል ሰው ካለ ክኒኑ በረከት ነው። ከሌለ የመርፌው መንገድ ቢረዝምም ደኅናው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምርጫው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ በቤት ውስጥ አሸናፊና ተሸናፊ አይኑር፤ ተሸናፊ ባለበት ቤት ሕሙም ቁስሉን ይደብቃልና።

አክስታችን የመጨረሻዋን ክኒን የዋጡት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ዳኑ ብለን አንደፍርም፤ ሐኪሙ በየጊዜው እየመረመሯቸው ለዓመታት መከታተል እንዳለባቸው ነግረውናል። ነገር ግን በመጋቢት ወር ከልጃቸው ጋር እንደገና ወደዚያው ባንክ ሄደው ነበር። አውራ ጣታቸውን አኖሩ፤ መሣሪያውም አወቃቸው። ማታ ስልክ ደውለው የነገሩን ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄ፣ ጣቴ ተመለሰልኝ» ነው ያሉን።

ለሕሙማን ሁሉ ጤናን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ትዕግሥትን እየተመኘን፣ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።